ግራው ዳርቻ

የወንዝ ለኪው ማትቬይ ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ከተገኘ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አሥራ ሁለት ክረምት የቱርዳካንን ወንዝ አብሮት የለካው አጋዘን አርቢው መንገድ መሪ ኒኪፎር፣ እጁ በካቴና ታስሮ ድንኳኑ ፊት ይንቆራጠጣል። ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ ገዳይ ተብሎ የሚጫነው እሱ ነው። አብራሪው ደግሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ኧረ ተቀመጥ፣ ምድሩን በሳኸው እኮ!» አለው የሬዲዮ ሠራተኛው ቫዲም።

«አንተ ተቀመጥ። የታሰርኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ዚናይዳ ፓቭሎቭና የሟቹን ደብተር ይዛ መጣች። የመጨረሻው ገጽ በእርሳስ በችኮላ ተጽፎ፣ «ከኒኪፎር ጋር ወደ ግራው ዳርቻ ልሻገር ነው» ይላል። አስከሬኑም የተገኘው ከወንዙ ማዶ ነው።

ኒኪፎርን ወደ ውሃው ዳር ወሰደችው። የተሰባበረው በረዶ እየተላተመ ይወርዳል።

«ግራው ዳርቻ የቱ ነው?»

«ይሄ የቆምንበት ነዋ! ውሃው ወደሚሄድበት ፊትዎን ያዙሩና ይዩት፤ በግራ እጅዎ በኩል ያለው ነው። ማትቬይ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። ስሳሳት፣ ‹ይህንንማ አጋዘኖችህም ያውቁታል› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

የቡድኑን አለቃ ግሌብንም ጠየቀችው፤ ሽማግሌው እግሩ ሥር ያለውን መሬት በምርኩዙ መታ። ቫዲም ግን ፊቱን ወደ ወንዙ ራስጌ አድርጎ ድንኳኑ በር ላይ እንደተቀመጠ፣ በአገጩ ማዶውን አሳያት።

«ያውና! ምነው፣ ግራዎ ጠፋብዎ እንዴ?»

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ድንኳናችሁ ያለው ግራው ዳርቻ ላይ ነው። እዚሁ ቆሞ ‹ወደ ግራው ዳርቻ ልሻገር ነው› ብሎ የሚጽፍ ወንዝ ለኪ የለም። ስለዚህ ይህን ገጽ ማትቬይ አልጻፈውም። ኒኪፎር መጻፍ አይችልም። ግሌብ ዳርቻዎቹን ጠንቅቆ ያውቃል። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ቫዲም።»

«ሰው አይሳሳትም?»

«ሃያ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው፣ በሞተበት ቀን? ከዚህ በፊት ያለውን ገጽ ላንብብልህ። ‹የላይኛውን የውሃ መለኪያ በረዶ ከሰበረው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል› ይላል። አንተ ግን በየጠዋቱ ከዚያ አነበብኩ እያልክ በሬዲዮ ቁጥር ትልክ ነበር። ማትቬይ ሊያጋልጥህ ነበር።»

«እዚያ ድረስ ለመሄድ ሰንፈህ?» ግሌብ ጮኸበት። «ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ለመንኩት እኮ...» አለ ቫዲም። «ማዶ ድረስ ተከትዬ ለመንኩት። እንቢ አለኝ።»

ዚናይዳ የኒኪፎርን ካቴና ፈታች። «በል፣ ነጻ ነህ።»

ኒኪፎር ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። በሸራ የተጠቀለለው አስከሬን ዘንድ ሲደርስ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ቤትህ የማደርስህ እኔ ነኝ» አለው። «ሚስትህ በሩን ስትከፍት ምን ልበላት፣ ወንድሜ?»