የማክሰኞ ኪልት

ሴትዮዋ በጃንጥላዋ ጫፍ አንድ ሰውዬ የለበሰውን ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶችን ባህላዊ ጉርድ ቀሚስ፣ ከጉልበቱ ከፍ ስታደርገው አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ብቻ እንደሆነ ለጓደኞቿ እየጠቀሰች ተናገረች። ሰውየው በአንድ እጁ የአውቶቡሱን ብረት፣ በሌላው ጠርዙን ጥብቅ አድርጎ ይዞ አብሯት ሳቀ። ይህ ነገር በሳምንት ስንቴ እንደሚገጥመው ሩሪ ያውቃል። ሰውየው አባቱ ነው።

አባቱ ሲሳፈር ዓይን ለዓይን ተጋጭተው ነበር። ሩሪ የኋላ ወንበር ላይ ከክፍል ጓደኛው ከስትሩአን ጋር ተቀምጦ ስለነበር ቶሎ አንገቱን ደፋ። አባቱም ገባው፤ ሰላም ሳይለው ሹፌሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

በስኮትላንዷ ፐርዝ ከተማ ለሠርግ ኪልት የለበሰን ወንድ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በተራ ማክሰኞ ዳቦ ሊገዛ የወጣ እንደሆነ ግን የማይተርበው የለም። የሩሪ አባት ደግሞ ግትር ነው። ያንን ባለ ሽንሽን ሱፍ ለብሶ ሰዓት መጠገኛ ሱቁ ይውላል፤ ለብሶት ገበያ ይወጣል።

«ቀሚሱን እየው በናትህ» አለ ስትሩአን በስልኩ እየቀረጸ። «እናንተ ሰፈር ሲወርድ አይቼዋለሁ። ታውቀዋለህ እንዴ?»

«የት አውቀዋለሁ» አለ ሩሪ። ይባስ ብሎም ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ቪዲዮው በክፍላቸው ግሩፕ ተለቀቀ። ከሴትዮዋ ሳቅ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው የሩሪ ድምፅ ነው። እሱ ሲስቅ አባቱ ዘወር ሲል ይታያል። ሰምቷል ማለት ነው። ሩሪ ፊቱ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እራት ላይ አባቱ ድንቹን እያቀበለ ስለ ሒሳብ ፈተናው ብቻ ጠየቀው። ቢቆጣው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቱ ግራጫ ሱሪ ለብሶ ከደረጃው ወረደ። ሱሪው ወገቡ ላይ ጠቦታል። እናቱ ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቀው ዝናብ ነው ብሎ አለፈ። በፐርዝ ዝናብ አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ሩሪ ቁርሱ ፊት ተቀምጦ እናቱ እስክትወጣ ጠበቀ።

«አባዬ፣ ትናንት የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሳቅህን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ነው የማውቀው።»

 ሩሪ ስልኩን አወጣና ግሩፑ ላይ «ሰውየው አባቴ ነው» ብሎ ጻፈ። ጣቱ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ላከው።

«ዛሬ አብሬህ ልሳፈር?» አለ።

አባቱ ሱሪውን ቁልቁል አየው። «እንዲህ ሆኜ ነው?»

«አይ፣ እንደ ልማድህ።»

አባቱ ኪልቱን ሊለብስ ደረጃውን ወጣ። የሩሪ ስልክ ኪሱ ውስጥ ደጋግሞ ይጮኻል። ሩሪ ሳያወጣው፣ ፊቱ እንደጋለ፣ በሩ ላይ ቆሞ አባቱን ጠበቀ።