የልጆቹ ድካም የት ገባ?

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሻላ ቀለበት መናፈሻ ሠራተኞች እንደ ወትሯቸው ደመናዎቹን ከማደሪያቸው አወጡ። ሰባት ናቸው፤ ጥላ ደመና ይባላሉ፤ ሥራቸውም ከጎብኚ አናት በላይ እየተንሳፈፉ ፀሐይ መከለል ነው። ሰባተኛው ዛሬም አልነሳም ብሎ ሁለት ሠራተኞች በቱቦ ውሃ ያጠጡታል። ማስተዋል ጎሹ በአጠገባቸው ስታልፍ «ተዉት፣ ሰኞ ሰኞ እንዲህ ያደርገዋል» አለቻቸውና ወደ ዋናው በር አዘገመች።

በሩ ላይ ሰልፉ ከአሁኑ ተጠማዟል። አንድ የአራት ዓመት ልጅ እየዘለለ አለፈ። በሩ አሥር እርምጃውን ቆጥሮ፣ ዕድሜውን ገምቶ፣ ጉልበቱንና ትንፋሹን ለክቶ «እዝሎ ያስፈልገዋል» አለ። ወዲያው ከግድግዳው ውስጥ አንድ እዝሎ ተንከባሎ ወጣ። እዝሎ ገፊ የማይፈልግ፣ ልጁን አስቀምጦ ወላጁን በራሱ የሚከተል ጋሪ ነው። ልጁ ተፈናጠጠበትና ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ሄደ። ቀጥሎ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለፈች። «አያስፈልጋትም» አለ በሩ። የስምንት ዓመቱም አያስፈልገውም፣ የአሥራ አንዱም።

ማስተዋል የበሩ አስተካካይ ናት። በሩ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ብሎ መንገር የእሷ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው ደሞዝ የሚከፈላት። ዛሬ ግን ከወትሮው የከበደ ነገር ተጥሎባታል። የመናፈሻው ቦርድ እዝሎዎቹ መንገድ አጣበቡ ብሎ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ጨርሶ ሊያስቀር አስቧል። የሚጠብቀው የእሷን ፊርማ ነው። ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥር ሰዓት። ከፊርማው በላይ የሚቀመጠውን ማስረጃ ደግሞ በሩ ራሱ አዘጋጅቶ ጨርሷል፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ እዝሎ ከገቡ ትልልቅ ልጆች መካከል መንገድ ላይ የደከመ አንድም የለም።

አንድም! ማስተዋል ይህን ስታነብ ከት ብላ ሳቀች። መንገዱ የሐይቁን ገደል አፋፍ ተከትሎ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አፈሩ እንዳይናድ ተብሎ መኪና አይገባበትም። እሷ በሠላሳ አራት ዓመቷ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ትዘረፈጣለች። ታዲያ የስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ነው የማይደክመው?

«በሩ እውነቱን ነው» አሉ ጋሼ ወንድይራድ። የመንገዱ ኃላፊ ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሥጋ ያልደረሰባቸው ቀጭን ሽማግሌ። «መናፈሻው ከተከፈተ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ። ተዝለፍልፎ የቀረ ልጅ አላየሁም። ልጅ ይራመድ! እግር የተሰጠው ለምንድን ነው? ፈርሚና ገላግይን።»

«ጋሼ፣ ሰው የሆነ ሁሉ ይደክመዋል እኮ።»

«እሺ፣ ድካሙ የት ገባ?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«እስከ አሥር ሰዓት ፈልጊያ» አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በበሩ ስር አንዲት ቀጭን ልጅ አለፈች። ኖላዊት ትባላለች፣ አሥር ዓመቷ ነው። እናቷ ሐመልማል ነፍስ ያላወቀ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ከኋላዋ ትከተላለች።

«አያስፈልጋትም» አለ በሩ።

«እንዴት አያስፈልጋትም?» ሐመልማል ፊቷ ቀላ። «እህቴ፣ አንቺ የዚህ ቤት ሰው ነሽ? ልጄ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፣ እግሯን ታማ። አሁን ድናለች። ትራመዳለች፣ ግን ቶሎ ይደክማታል። እኔ እንዳላዝላት እንደምታዪው ጀርባዬ ተይዟል።»

ከኋላ የተሰለፈች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ይቺን የምታክል ልጅ በጋሪ?» ስትል ተሰማ። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ኖላዊት ሰማች። አንገቷን ደፋችና «እማዬ፣ ተይ በቃ፤ እኔ አልፈልግም፤ ትልቅ ልጅ ነኝ» አለች።

ማስተዋል በርከክ ብላ «ምን ልታዪ መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሽቅብ ፏፏቴውን» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ በአንዴ በራ። ውሃው ከሐይቁ ተነስቶ ወደ ሰማይ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ የመንገዱ መጨረሻ ላይ። «ታምሜ እያለሁ ኮርኒሱ ላይ ሥዕሉን ለጥፈውልኝ ነበር። በእግርሽ ስትቆሚ እንወስድሻለን ብለውኛል። ቆምኩ።»

በሩ እምቢ ቢልም እዝሎ ማስወጣት የሚችለው ቁልፍ ጋሼ ወንድይራድ ዘንድ ነው። ማስተዋል ደወለችላቸው። መልሱ ያው ነበር፦ በሩ አያስፈልጋትም ካለ አያስፈልጋትም። «እንግዲያው አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለች ማስተዋል ለሐመልማል። «ይህ በር የሚዋሽበትን ቦታ ዛሬ በዓይኔ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትር ኖላዊት እንደ ጥንቸል ሄደች። ሦስተኛው ላይ የጫማዋን ክር ልታስር ቆመች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ልታስር ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ማስተዋል ክሩ እንዳልተፈታ አየች። ዓይኗ መዳፏ ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎብኚ ሲገባ አምባር ያስራል፤ አምባሩ እርምጃውን ለበሩ ይነግራል። በሰሌዳው ላይ የኖላዊት መስመር እየወረደ፣ እየወረደ ነው። ትንሽ ከቀጠለ በሩ «ደከመች» ብሎ ይመዘግባል፤ ማስተዋልም ማስረጃዋን ይዛ ትመለሳለች። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ድልድይ ሲደርሱ የልጅቷ ጉልበት ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ሆኜ ብጠብቃችሁስ?» አለች። ለማልቀስ አንድ ሐሙስ ቀርቷታል።

ይህን ጊዜ ከቡታጅራ ከነቤተሰባቸው የመጡ፣ ሽኩር የሚባሉ ወፍራም ሰውዬ ከጎናቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። ልጅቷን አዩ፣ በእናቷ ጀርባ ያለውን ሕፃን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጢጥ አሉ።

«ነይ ውጪ።»

«ኧረ አይሆንም፣ ይከብድዎታል» አለች ሐመልማል።

«ምን ይከብዳል? የኛ ልጆች አድገው ጀርባችን ሥራ ከፈታ ስንት ዓመቱ! ነይ፣ የኔ ልጅ፣ ውጪ። ከላይ ሆነሽ መንገዱን ምሪኝ።»

ኖላዊት አፍራ እናቷን አየች፤ ከዚያ ወጣች። ሽኩር «አይዞኝ» ብለው ራሳቸውን አበረታትተው ተነሱና ገሠገሡ።

ማስተዋል ሰሌዳዋን ስታይ ክው አለች። የወረደው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተስፈንጥሯል። ከሥሩም በሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ብርቱ እርምጃ። ድካም የለም።»

«አንተ ደደብ በር!» አለች ጮክ ብላ። ሰዎች ዞረው አዩዋት፤ ደንታም አልሰጣት። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው! በሩን የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ አገር ልጅ ሲደክመው ይቆማል፤ ሲቆምም በሩ ይመዘግባል። እዚህ ግን ልጅ ከመቆሙ በፊት አንዱ አጎት፣ ካልሆነም አንዱ መንገደኛ ብድግ ያደርገዋል። አምባሩም በሰው እግር እየሄደ «በረታሁ» ይላል። በሩ ሦስት ዓመት ሙሉ የቆጠረው የልጆችን እግር ሳይሆን የአዋቂዎችን ነው።

ግን ይህን አውቆ መናገር አይበቃም። ቦርዱ ቁጥር ይፈልጋል፣ ጊዜውም ከስድስት ሰዓት አልፏል። ማስተዋል ሐመልማልን ተሰናብታ በአቋራጩ ወደ ገደል ጠባቂዎች ክፍል ሮጠች። ገደል ጠባቂዎች አፋፉ እንዳይናድ መንገዱን በሰሚ ንጣፍ አንጥፈውታል፤ ንጣፉ የረገጠውን ሰው ሁሉ ክብደት ይመዘግባል። የእነሱ መዝገብና የበሩ መዝገብ በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ተያይተው አያውቁም፤ ማንም አገናኝቷቸው አያውቅምና።

«ሁለቱን ላጋባቸው ነው» አለቻት ማስተዋል ለተረኛዋ ጠባቂ።

«ይቻላል እንዴ?»

«ያልተቻለ እንደሆነ ያኔ ትከለክይኛለሽ።»

ምሳ ሳትበላ ሦስት ሰዓት ያህል ታገለች። መጀመሪያ አልሆነም፤ የበሩ ሰዓትና የንጣፉ ሰዓት በአርባ ሰከንድ ይለያያሉ። እሱን አስተካከለች። ከዚያ ከበሩ ትእዛዞች መካከል የዕድሜውን መስመር ነቅላ ጣለችና «ዕድሜን ተው። ንጣፉ ላይ ማን ምን ያህል ሸክም እንደያዘ፣ ማን ጉልበቱ እንደዛለ ፈልግ» ብላ አዘዘችው። ድልድዩ ላይ ሰባ አራት ኪሎ የነበሩት ሽኩር ድንገት መቶ አንድ ኪሎ ሆነው ብቅ አሉ። ማስተዋል ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። በሩም የሦስት ዓመቱን መዝገብ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ያነብ ጀመር።

ድካሙ ይኸው ተገኘ፤ የሰው ጀርባ ላይ ነበር። አንዲት ሙሽራ ከነቬሏ የማታውቀውን ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር ተሸክማለች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መንትዮችን አንዱን በፊት አንዱን በኋላ ይዞ ሄዷል። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ማስተዋል እሱን ስታነብ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ልጆች መንገድ ላይ ሲዝሉ ማንም አልደረሰላቸውም። አራተኛው ወይ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጨርሰው ሳይቆሙ ዞረው ተመልሰዋል። በሩ እነዚህን «በቃኝ ብለው ወጡ» ብሎ ነው የመዘገባቸው።

ከተሸካሚዎቹ ሁሉ አናት ላይ ግን አንድ አምባር ነበር፦ የሠራተኛ ቁጥር ሰባት። በሦስት ዓመት አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ጊዜ። ማስተዋል ቁጥሩን ታውቀዋለች። ዝርዝሩን ይዛ፣ ያ አምባር ሰሌዳዋ ላይ ወደሚታይበት ወደ ሽቅብ ፏፏቴው በረረች።

ስትደርስ ሰባተኛ ቁጥርን እዚያው አገኘቻቸው። ጋሼ ወንድይራድ ላብ በላብ ሆነው፣ ኖላዊትን አዝለው የመጨረሻውን ዳገት እየወጡ ነው። የሽኩር ጉልበት ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እምቢ ብሎ ቁጭ አድርጓቸው ነበርና፣ ጋሼ ወንድይራድ ለከሰዓት ጉብኝት ሲያልፉ ልጅቷን ተቀብለዋል። አፋፉ ላይ አወረዷት። ኖላዊት ወደ ላይ የሚፈሰውን ውሃ አንጋጣ አየች፤ ከዚያ እየሳቀች ወደ ፍንጣቂው ሮጠች። ሐመልማል እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጋሼ» አለች ማስተዋል፣ «ጧት ጋሪ የከለከሏት ልጅ እኮ ናት።»

«አውቄያታለሁ» አሉ፣ ትንሽ አፈር ብለው። «ታዲያ ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያይሽ ምን ታደርጊያለሽ? ትተሽው ታልፊያለሽ?»

ዝርዝሩን አሳየቻቸው። ሰሌዳውን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ብዙ ጊዜ አነበቡት።

«ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት።»

«ይኸዋ! ለዚህ እኮ ነው አያስፈልግም የምለው! እኛ እያለን ጋሪ ምን ይሠራል?»

«በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፣ ጋሼ። ሁለት ወር ቀረዎት።» አለች ማስተዋል። «የታችኛውንም ያንብቡት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ናቸው። እርስዎ በዚያ በኩል ባላለፉበት ሰዓት የደከሙ ልጆች። ይህን ፏፏቴ ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ተዝለፍልፎ የቀረ ልጅ አላየሁም ያሉት እውነትዎን ነው። አላዩዋቸውም።»

ጋሼ ወንድይራድ ወደ ልጅቷ አዩ፣ ወደ መጡበት መንገድም አዩ። ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል፤ ፍንጣቂው ነው እንዳይባል ፍንጣቂው እሳቸው ዘንድ አይደርስም። በመጨረሻ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው እጇ ላይ አስቀመጡ።

«ይሰጣቸው» አሉ። «ስንት ዓመትህ ነው ተብሎ አይጠየቅ። የደከመው ይቀመጥ። እኔም ከሥሩ እፈርማለሁ።»

ሩብ ጉዳይ ለአሥር ነበር። ማስተዋል ዝርዝሩን ከአዲሱ ሐሳብ ጋር ፈረመችበት፤ እሳቸውም ከሥሩ ፈረሙ፤ ለቦርዱም ላከችው። ለኖላዊት መመለሻ የሚሆን እዝሎ እንዲመጣም በሩን አዘዘችው። ብዙም ሳይቆይ አንድ እዝሎ ዳገቱን ተንከባሎ ወጣ። ፍንጣቂው ውስጥ የምትዘለውን ልጅ አልፎ፣ እናቷን አልፎ፣ ማስተዋልንም አልፎ ጋሼ ወንድይራድ እግር ሥር ቆመ። ወንበሩን ዘረጋ።

«ድካም ተገኝቷል» አለ በለሰለሰ ድምፁ። «ይቀመጡ።»

«ሂድ ከዚህ!» አሉ ጋሼ ወንድይራድ ደንግጠው። «ይህ ቆርቆሮ ማንን ነው የሚለው?»

ማስተዋል ሰሌዳዋን ከፈተች። የዕድሜውን መስመር ስትነቅል ከላይም ከታችም ነቅላዋለች፤ ለትልልቆች ገደብ ማስቀመጡን በጥድፊያ ዘንግታለች። እዝሎው እስከ ስልሳ ኪሎ ይችላል፤ ጋሼ ደግሞ በንጣፉ መዝገብ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ናቸው። ዛሬ ሃያ ሰባት ኪሎ ተሸክመው ሁለት ኪሎ ሜትር ዳገት ወጥተዋል። ጉልበታቸው እንደሚንቀጠቀጥ ከበሩ በቀር ማንም ልብ አላለም።

ኖላዊት ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ መጣች። ነገሩ ወዲያው ገባት። የእዝሎውን ወንበር በእጇ መዳፍ ጠረገችላቸው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች። «እኔም መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ከዚያ ይለቃል። እኔ አርፌያለሁ፣ ትንሽ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሲደክመኝ እንቀያየራለን።»

ሽማግሌው ግራ ቀኝ አዩ። በጎን ከሚያልፉት ጎብኚዎች መካከል የሳቀ አልነበረም። ጠርዙን ጨብጠው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ረጅም ትንፋሽም ወጣቸው። እዝሎው ልጅቷን ተከትሎ ቁልቁለቱን ጀመረ። ማስተዋል የዕድሜውን መስመር ልትመልስ ጣቷን ወደ ሰሌዳው ሰነዘረች፤ ከዚያ ሰሌዳውን ዘግታ ኪሷ ከተተችና ተከተለቻቸው።