የሦስተኛው ሴል ስኳር

ትርንጎ እንደ ሁልጊዜው ወደ ሴሉ ከመግባቷ በፊት የሥራ ልብሷን በዘይት አሸች። ከዚያ መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥላ ክንዷን፣ በመጨረሻም መላ ሰውነቷን ወደ ገለፈቱ አስገባች። ገለፈት ሴሉን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው፤ ሁለት ረድፍ የቅባት ቅንጣቶች ውሃ የሚወደውን ራሳቸውን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ፣ ውሃ የሚጠላውን ጭራቸውን ወደ መሃል አድርገው የቆሙበት። ቅባት ቅባትን አይገፋምና ገለፈቱ ዘይት የተቀባችውን ሴት አሳልፎ ከኋላዋ ተዘጋ። ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም።

በሻላ ሐይቅ ዳር እንዲህ ያሉ ስምንት ሴሎች ጎን ለጎን ተጠግተው ተኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያክላሉ። የሐይቁ ውሃ ሶዳና ጨው ነው፣ አይጠጣም። ውሃው በገለፈቱ ላይ በተተከሉ ጠባብ በሮች ይገባል፤ አብሮ ሾልኮ የሚገባውን ጨው ደግሞ ፓምፖች መልሰው ወደ ውጭ ይገፉታል። ጨው ብዙ ወዳለበት ጨው መግፋት ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሴሎቹ ስኳር ይበላሉ። የከተማው አርባ ሺህ ሕዝብ የሚጠጣው ከእነሱ ነው።

ሦስተኛው ሴል ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ እጥፍ ስኳር እየበላ የሚሰጠው ውሃ ያው የድሮው ሆነ። ኮምፒውተሩ «ገለፈቱ ተበስቷል፤ ይወገድ» አለ። ሴሎቹን በወጣትነታቸው የነደፉት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ገመዳ ፈረሙ። ስድስት ሰዓት ላይ ገለፈቱን የሚያሟሟው ፈሳሽ ሊጨመርበት ነው። ሴሉን አሥራ አንድ ዓመት የተንከባከበችው ትርንጎ ግን ቀዳዳውን በዓይኗ ሳታይ እንዳይገደል ለምና ጠዋቱን አስፈቀደች።

«ጋሽ ገመዳ፣ ገብቻለሁ» አለች በሬዲዮ። «የሚያበራውን ስኳር ልለቅ ነው።»

«ልቀቂው። ግን ብዙ አትድከሚ ልጄ፤ ቀዳዳው በሐይቁ በኩል ነው የሚሆነው።»

አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጠውን ስኳር ለቀቀችው። ስኳር በቅባቱ ውስጥ በራሱ አያልፍም፤ ወይ የራሱ በር ይፈልጋል፣ ወይ ቀዳዳ። በሐይቁ በኩል ያለውን ግድግዳ ትኩር ብላ አየች። ጭል የሚል ነገር የለም። ዞር ስትል ብርሃኑ ከጀርባዋ ተከማችቷል፤ ሦስተኛው ሴል አራተኛውን በተደገፈበት ቦታ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ነጥቦች እንደ ወንፊት እየተንጠባጠበ ያልፋል።

«ጋሽ ገመዳ፣ ስኳሩ ወደ ሐይቁ አይደለም የሚሄደው። ወደ አራተኛው ሴል ነው።»

«አራተኛው ምን ያደርግለታል? የራሱ ቀለብ አለው እኮ።»

«መኖሩን አይተዋል?»

 ወንበር ሲገፋ ሰማች። አዛውንቱ ራሳቸው ወደ አራተኛው ሴል የስኳር ቧንቧ ወርደው ነበር፤ ተመልሰው ሬዲዮውን ሲያነሡ ያለከልካሉ።

«በሶዳ ድንጋይ ተደፍኗል! መቆጣጠሪያው ሳይደፈን በፊት የነበረውን ቁጥር ነው እየደጋገመ የሚያሳየን። ዘጠኝ ቀን ምንም አልገባለትም።»

ትርንጎ በዘይቱ ልብስ ውስጥ በረዳት። ስኳር ያጣ ሴል ፓምፖቹ ይቆማሉ፤ ጨው ይሞላበታል፤ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይገባል፤ አብጦ ይፈነዳል። ያ ሁሉ ጨዋማ ውሃ ወደ ከተማው ቧንቧ ነበር የሚሄደው።

«ታዲያ ዘጠኝ ቀን በምን ኖረ?» አሉ አቶ ገመዳ።

«ጎረቤቱ እያበላው ነዋ» አለች። «እኛ ደግሞ የሚያበላውን ልንገድለው።»

ፈሳሹን መጨመሩ ቀረ። ቧንቧው ተጠረገ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ከገለፈቱ ጥቂት ፍቀው ወስደው በማጉያ መሣሪያ አዩት። ነጥቦቹ በሮች ናቸው፤ በአንድ በኩል ስድስት ቁራጮች ቀለበት ሠርተው፣ በሌላው በኩል ሌላ ስድስት፣ ፊት ለፊት የተጋጠሙ። ግማሹን የሠራው ሦስተኛው፣ ግማሹን አራተኛው ነው። አንዱ ብቻውን ቢሠራ አይከፈትም ነበር።

አቶ ገመዳ ከአርባ ዓመት በፊት የጻፉትን ሰነድ ፈልገው አወጡ። ካነበቡት በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን በር ከዘር መመሪያው ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን 'ብክነት' ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ከየት የመጣ በር ነው?»

«ከልብ። ሴሎቹ የተባዙት ከሰው ልብ ጡንቻ ነው።»

«ከማን ልብ?»

«ስም የለውም። ሲታከም ቁራጭ እንዲወሰድ የፈቀደ ሰው ነው። በሩ እንዴት ተመልሶ እንደ ተከፈተ ደግሞ አላውቅም። ረሃቡ ይሆናል።» ሰነዱን አጠፉና «ልዝጋው ይሆን?» አሉ።

«እርስዎ ያውቃሉ።»

አልዘጉትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስምንቱም ሴሎች እርስ በርስ በር ከፈቱ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ በሴሎቹ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ስትሄድ እግሯ ሥር እንጨቱ ተንቀሳቀሰ። የመሬት መንቀጥቀጥ መስሏት ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። እንደገና፣ በእኩል ልዩነት። አቶ ገመዳን ጠራቻቸው። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ስምንቱ ሴሎች በአንድ ላይ፣ በደቂቃ አራት ጊዜ፣ የፀጉር ያህል ኩምትር እያሉ ይላላሉ።

«አደጋ ነው?» አለች።

«ውሃው ከመቶ አሥር እጅ ጨምሯል» አሉ አቶ ገመዳ፤ ድምፃቸው ግን ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጫማቸውን አውልቀው መረማመጃው ላይ ቆሙ። እሷም አወለቀች። በባዶ እግር በደንብ ይሰማል።

«የልቡ ባለቤት፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ፣ እስካሁን በሕይወት ያሉ ይመስልዎታል?»

«ቢኖሩም ይህን አያውቁም» አሉ። «እዚሁ ከተማ ኖረው ከቧንቧው እየጠጡም ቢሆን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርንጎ ውሃ ጠጥታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ማንን እንደምታመሰግን የሚጠይቃት ሰው ካለ፣ ጥቂት ታስብና «ስሙን አላውቀውም» ብላ ትስቃለች።