የሐሙሱ ቁጥር

እስከ አርብ ካልተላከ የእድላዊት የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ ለከርሞ ይተላለፍ ነበር። ልጄ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ነርስ ናት። ላፕቶፗን ቫይረስ ሲያበላሽባት የኮምፒውተር መምህሩ ይበልጣል በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጭኖላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ደህና ሆነ፤ አዲስ የገዛችውን የኢንተርኔት ሞደም ግን አልቀበልም አለ። የሸጠላት ሰውዬም «በሊኑክስ አይሠራም» ብሎ ተገላገለ።

ማክሰኞ አስር ሰዓት ላይ ይበልጣል መጣ። እኔም የጎልማሶች ትምህርት ደብተሬን ዘርግቼ ከእሱና ከእድላዊት ፊት ተቀመጥሁ። ልለማመድ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልጄ ከወንድ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን እየጠበቅሁ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አልሁት።

«እማማ፣ ሞደሙ ሲሰካ ፍላሽ ዲስክ ነኝ ይላል። መጀመሪያ ፍላሽነቱን ማስተው አለብን። ከዚያ ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው ቁጥሩን መንገር ነው።»

«ቁጥር አለው እንዴ?»

«አለው፤ ይኸውልዎ፣ እዚህ መጨረሻ ላይ።»

ያየሁትን ቁጥር ሁሉ መገልበጥ ልማዴ ነው። ጻፍሁት፤ 1505።

ማክሰኞ አልሠራም፤ ረቡዕም መጣ። ነቀለ፣ ሰካ፣ ጻፈ። የሞደሙ መብራት ቀይ እንደሆነ ቀረ። እድላዊት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ስትል እሱ ስክሪኑን ትቶ የጆሮ ጌጧን ያያል። ቀና ስትል ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዓይኑን ስከታተል ያን ቀን ቁጥር መገልበጡንም ረሳሁት።

«ነገስ ይሠራ ይሆን?» አለችው።

«እንጃ» አላት፣ ሳያያት።

ሐሙስ ዕለት ቁጥሩን ከማክሰኞው ሥር ገለበጥሁ። መጨረሻው አልገጠመም።

«ይበልጣል፣ የማክሰኞው አምስት ነበር። ይህ ስድስት ነው። ፍላሽነቱን ሲተው ቁጥሩም ይለወጣል?»

ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ቆመ።

«ይለወጣል፣ እማማ።»

«አንተ የምትጽፍለት ግን የድሮውን ነው።»

እድላዊት ዞራ አየችው። «አላየኸውም ነበር?»

እጁን ከኪቦርዱ አወረደ።

«ረቡዕ አይቼዋለሁ። የማመልከቻሽ ቅጽ ከሄደ አንቺም ለትምህርት ሁለት ዓመት ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ልጨምር ብዬ ነው።»

ልጄ ብድግ አለች። ልታባርረው ነው ብዬ ስፈራ፣

«ሽማግሌ መላክ ያቃተው ሰው ቁጥር ይደብቃል!» አለችው። «በል ጻፈው!»

ጻፈው። መብራቱ ሰማያዊ ሆነ፤ ቅጹም ሄደ። ደስ ያለው ፊት ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

እስከ በሩ ሸኘሁት። «ልጄ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነን» አልሁት።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አባቷ ካረፈ ወዲህ መልስ ሰጪዋ እኔ ነኝ። ወጉ ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ነውና፣ «ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሱ» አልኋቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ ወልደማርያም ደነገጡ። «ኧረ ሙሉነሽ! ሰው እንዲህ ይቀጠራል?»

«ከልጄ አንድ ቀን ሰርቋል፤ እየጠበቀ ይካሳት።»

ከጓዳ የእድላዊት ሳቅ ተሰማ። ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ተምራ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹም ተመለሱ። የሠርጉን ቀን እኔው በእጄ ጽፌ ሰጠኋቸው። ይበልጣል ወረቀቱ ሲደርሰው የቀኑን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበበው አሉ።