የጅቡን ዳይስ የወረወረ እጅ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በኬንያዋ ሞያሌ በአሰግድ ሆቴል የኋላ ክፍል፣ ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ነበር። ጨዋታው እያንዳንዱ የተረት ሰው ሆኖ ዳይስ የሚጥልበት ነው። አሰግድ ተረቱን ይመራል፤ የሆነውንም ይመዘግባል። ሾፌሩ ጃርሶ ጅብ ያለው አዳኝ ነው፤ መምህርት ሮዛ ነጋዴ ናት። የአሰግድ የእህት ልጅ ሰሎሜ በዚያ ሰዓት ከፊት ለፊት እንግዳ ትመዘግብ ነበር። ስኳር የማይነካው አሰግድ ብቻውን የሚጠጣው የዝንጅብል ሻይ በትንሽ ፔርሙስ ተሞልቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከጓሮው በር አጠገብ ተቀምጧል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰሎሜ ፔርሙሱን አስገባች። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ አሰግድ ጠረጴዛው ላይ ሞተ።

ኢንስፔክተር ሀዊ ስትደርስ ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች የሰሎሜን እጅ በካቴና አስረዋል። ሌሎቹ የቀረበላቸውን ውሃ እንኳ አልነኩም። ሀዊ ፔርሙሱን አሸተተች፤ የከብት መዥገር መድኃኒት።

«አፋንዴ፣ የሞላችውም ያስገባችውም እሷ ናት» አለ ጃርሶ፣ በስዋሂሊው የፖሊስ አጠራር። «እኔና ሮዛ ከወንበራችን አልተነሳንም። መዝገቡን ይዩት፤ ሟቹ በእጁ የጻፈው ነው። ጅቤ ሦስት ጊዜ ነክሷል። ወይስ ጅብ ብቻውን ይጫወታል?»

«አልተነሳንም» አለች ሮዛ፣ ቀና ሳትል። እጆቿን ጠረጴዛው ስር ደብቃለች።

ሀዊ መዝገቡን ሁለቴ አነበበች። ከዚያ ሰሎሜን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«ጅብ ያለው ተጫዋች ጅቡን እንዴት ያዛል?»

«አያዝም፣ አፋንዴ። ድሮ ሁሉም እንስሳውን ወደ ሞት እየሰደደ ራሱን ያድን ነበር። ጋሼ ተናደደና ‹እንስሳ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ዳይሱን በቀኝ የተቀመጠው ይጣልለት› አለ።» የታሰሩ እጆቿን ወደ ሀዊ ዘረጋች። «ይሰቅሉኛል እንዴ?»

«ከጃርሶ በስተቀኝ ማን ነው የሚቀመጠው?»

«ሮዛ።»

ሀዊ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ሰሎሜ ሻዩን ሞልታ ከማድ ቤት ከወጣች ጀምሮ እስክታስገባው ድረስ ስትመዘግባቸው ከነበሩ ሁለት እንግዶች ዓይን አልተሰወረችም፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ፖሊሶቼ የመርዙን ጠርሙስ ያገኙት ግን ጓሮ፣ ከውሃው ታንከር ስር ነው። ጓሮ የወጣው ሌላ ሰው ነው። ጃርሶ፣ ጅብህ ሦስት ጊዜ ነክሷል። ዳይሱን የጣለችለት ሮዛ ናት፤ ስለዚህ ንክሻው የሚመሰክረው ለእሷ ነው። የአዳኝህ ተራ ግን ሦስቱንም ጊዜ ‹ይጠብቃል› ተብሎ ተጽፏል፤ አንተ የጣልከው ዳይስ አንድም የለም።»

ጃርሶ ሳቀ። «አዳኝ ይጠብቃላ!»

«ይጠብቃል። ታዲያ በማታዘው ጅብ ለምን ማልክ?»

ሀዊ ወደ ሮዛ ዞረች። «መምህርት፣ ጃርሶ ካሁን በኋላ ከዚህ ክፍል ያለ ፖሊስ አይወጣም። ንገሪኝ።»

ሮዛ እጆቿን ከጠረጴዛው ስር አወጣች። «ስልክ ላናግር ብሎ ወጣ። አሰግድ ሲሞት ጆሮዬ ላይ ‹ልጅሽ በየት በኩል ከትምህርት ቤት እንደምትመለስ አውቃለሁ› አለኝ።»

«አሰግድን ለምን እገድላለሁ?» ጮኸ ጃርሶ።

«ጠዋት ጣቢያ ደውሎልኝ ነበር። ‹አንድ ወዳጄ በቦሪ መንገድ እረኛ ገጭቶ ገድሏል፤ እስከ ማታ ራሱን ካልሰጠ ስሙን እነግርሻለሁ› አለኝ። ውጪ የቆመው መኪናህ የፊት መብራቱ ሰባራ ነው።»

የሰሎሜ ካቴና በዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ተፈታ። ውሃ የጠጣችው ግን በማግስቱ ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ፣ ሦስት ጊዜ አሽታ።