እንፋሎት የጋረደው መስታወት

«ኤሲውን ክፈተው እንጂ፣ ምንም አይታይም!» አለች ራግና።

«በዚህ ብርድ? ለይቶልሻል እንዴ?» ወንድሟ አይቪን ሳቀ። «አንቺ ልታደርቂን ነው!»

«ከማሞቂያው ጋር እኮ ነው የሚከፈተው! እርጥበቱን ይመጥጠዋል። አባባ ክረምት ከበጋ ነው የሚከፍተው።»

ከእጅ ኳስ ልምምድ በመኪና እየተመለሱ ነበር። ውጭ ውሃ የቀላቀለ በረዶ ይወርዳል። የራሰ ጃኬታቸውና ፎጣቸው ኋላ ወንበር ላይ ተከምሯል፤ የሁለቱ ትንፋሽ ሲጨመርበት የፊት መስታወቱ ወተት መሰለ። ራግና እጇን ወደ ቁልፉ ስትሰድ አይቪን ቸብ አደረጋት።

«ነዳጅ ይበላል፣ ተይው ባክሽ!»

በእጅጌው መዳፍ የምታክል ቦታ ጠረገና በዚያች ቦታ እያጮለቀ መንዳቱን ቀጠለ። መንጃ ፈቃድ ያወጣው በቅርቡ ነው። በባሕሩ ዳር በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ፣ የጠረጋት ቦታ ተመልሳ ተሸፈነች።

ከዚያ መኪናው ድው አለ።

እማማ ኦድኒ ነበሩ። ጎረቤታቸው፣ ሁለቱንም በልጅነታቸው በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማሯቸው። ለመኪና እንዲታዩ የሚያንጸባርቅ ሰደርያቸውን ለብሰው የመንገዱን ዳር ይዘው ሲሄዱ ነው የተመቱት። ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰዳቸው። ሐኪሞቹ ለልጃቸው፣ ቢነቁም ሰው እንደማይለዩ ነገሯት።

አይቪን እዚያው መንገድ ላይ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፦ መስታወቱ ጥርት ያለ ነበር፤ አሮጊቷ ድንገት መንገድ ውስጥ ገቡ። ራግና እየተንቀጠቀጠች ስለነበር ማንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ግን አንዲት ፖሊስ ራግናን ለመጠየቅ ወደ ቤት እንደምትመጣ ደውላ ተናገረች። እናታቸው ማንም የማይበላውን ዳቦ እየቆረጠች፣ ቡናማ አይብ እየደረበችበት ታስቀምጣለች።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ቢላዋውን ሳትለቅ። «እውነቱ ኦድኒን አያስነሳቸውም። ወንድምሽን ግን ይቀብረዋል።»

«ስለዚህ ጥፋተኛ እሳቸው ይሁኑ?»

«እሳቸው ምንም አይሰሙም።»

«ልጃቸው ትሰማለች።»

አይቪን ከጠረጴዛው ማዶ ቀና አለ። ዓይኑ አብጧል። ሁልጊዜ የሚያሾፍባት ወንድሟ ድምፁ ሰልሎ ነበር።

«ራግና፣ አላየኋቸውም። በእናትሽ፣ አላየኋቸውም።»

«አውቃለሁ። ማየት አትችልም ነበር።»

«እንግዲያው ዝም በይልኝ። እህቴ አይደለሽ?»

ራግና የዳቦውን ሳህን ከፊቷ ገፋ አደረገች። ብትናገር ወንድሟን ታጣለች፤ ዝም ብትል ደግሞ የእማማ ኦድኒን ልጅ በየሱቁ፣ በየመንገዱ ዓይኗን እያየች መኖር አለባት። የትኛውም መንገድ ወደ ትናንት አይመልሳትም።

ፖሊሷ መጣች። ቦት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በሱፍ ካልሲ ገብታ ተቀመጠች።

«ከፈለግሽ ሌላ ክፍል ገብተን ብቻችንን እናውራ» አለቻት በለሰለሰ ድምፅ።

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። አይቪን እጆቹን አቀርቅሮ ያያል።

«አይ፣ እዚሁ ይሁን» አለች ራግና። «ከኋላው አላወራም።»

ወንበሯን ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። አይቪን ሸሸት አለ። እሷ ግን ወደ ፖሊሷ ቀና አለች።

«መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር።»