ላልቶ የተነገረ ቃል

«አጥብቂው እንጂ ምስጋና!» አሉ መምህር ደሳለኝ፣ ከመድረኩ ሥር ቆመው። «‹አባቴ አለ› ስትዪ ‹ለ›ን ረገጥ አድርጊያት። እንዲህ ላልቶ ከተነገረ አባትየው ተናገረ ማለት ነው የሚሆነው። እኛ የምንፈልገው መኖሩን ነው።»

«እሺ ቲቸር» አለች ምስጋና። ምላሷ ግን አልታዘዛትም።

ትምህርት ቤቱ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን አንድ የተውኔት ጸሐፊ ሊዘክር፣ ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን ለወላጆች ሊያሳይ ነው። መምህር ደሳለኝ ስለ እኚህ ሰው አማርኛ ማውራት ከጀመሩ ደወልም አያስቆማቸው። ቴአትሩ ለሙግት ሩቅ አገር ሄዶ ስለዘገየ ሰው ነው። ሚስቱ ተስፋ ቆርጣ ስታለቅስ ልጅቱ ትነሣና «አባቴ አለ አይዞሽ አታልቅሺ» ትላታለች። ደራሲው በዚህች ስንኝ መሀል አንዲት ነጥብ እንኳ አላኖሩም። ጠብቆ ሲነበብ፣ አባቴ በሕይወት አለና አይዞሽ ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ግን አባቴ «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ብሏል ማለት ይሆናል። ሰውየው ይኑር አይኑር አይታወቅም፤ የደረሰው ቃሉ ብቻ ነው።

«ሰምና ወርቁን በአንዲት ፊደል!» ይላሉ መምህር ደሳለኝ፣ ራሳቸው የጻፉት ይመስል ደረታቸውን ነፍተው። ቢሆንም ሕዝብ የሚወደው ጠብቆ ሲነገር ነውና ጠብቆ ይነገር ተባለ።

እስከ ትናንት ድረስ ምስጋናን የሚያህል አጥባቂ አልነበረም። ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ሳይቀር ስለምትለማመደው፣ እናቷ ዘነበች ስንኙን በቃሏ ይዛዋለች። ትናንት ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጎቷ ጋሼ ይሻው ከንስሐ አባታቸው ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው ሲያወሩ ሰማች። ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ የወረደው አባቷ ፈንታሁን ወባ ጥሎት፣ እዚያው ተቀብሯል።

ጋሼ ይሻው ዞር ሲሉ አዩአት። ቀረብ ብለው ክንዷን ያዙ።

«ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ። እናትሽ ብቻዋን ሆና መስማት የለባትም። እሁድ ጎህ ሲቀድ ከጎረቤቱ ጋር ገብተን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ እንዳልሰማሽ ሁኚ።»

«ቴአትሩስ? እንዴት አድርጌ ነው የምሠራው?»

«ብትቀሪ ትጠረጥራለች። ሥሪው በቃ።»

ማታ እናቷ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» ስትላት በሽንኩርት አሳበበች።

«ኧረ ዛሬ ሙድሽ አይመችም» አላት ሙላቴ፣ የጠዋቱ ልምምድ ሲያበቃ። ዳኛ ሆኖ የሚሠራው እሱ ነው፤ ከጥጥ የተሠራው ጢሙ ግማሹ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። «ፓናዶል ልግዛልሽ?»

ሊያስቃት እንደሆነ ገብቷታል። መሳቅ አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዘነበች የቅዳሜ ገበያዋን ትታ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ጋሼ ይሻው ከአጠገቧ ሆነው፣ እሷ ስትስቅ አብረው ለመሳቅ ይታገላሉ። መድረኩ ላይ ትዕግሥት የሚስቲቱን ለቅሶ ስታለቅስ ብዙዎቹ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ።

የምስጋና ተራ ደረሰ። ቀና ስትል እናቷን አየች። ዘነበች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ልጇ የምትለውን ቃል ቀድማ እያለችው ነበር። በዚህ ፊት ላይ አጥብቃ ብትናገር እናቷን ባደባባይ ልትዋሻት ነው። ዝም ብትልም ልታስጠረጥር ነው። ለደራሲው በልቧ ምስጋና አቀረበችና ሌላውን በር ከፈተችው።

«አባቴ አለ» አለች፣ አላልታ። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ።»

ለጭብጨባ የተነሡት እጆች ግራ ገባቸው። መምህር ደሳለኝ በመጋረጃው ጥግ ራሳቸውን ያዙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቴአትሩ ቀጠለ።

ሲያበቃ ምስጋና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። እናቷ በሩ ላይ ጠብቃ አቀፈቻት። ፊቷ በርቷል።

«የኔ ዓለም፣ ያችን ቃል ቤት እንደምትያት አላልሻትም።»

«አዎ፣ እማ።»

«አባትሽ ደውሎ ነው፣ አይደል? እኔን ልታስደንቂኝ ደብቀሽ ነው እንጂ! ‹አይዞሽ፣ አታልቅሺ› አለ? በስልክ ካጣሁት ወዲህ እኮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በይ ንገሪኝ፣ ሌላስ ምን አለ?»

የምስጋና ልብ ተሰበረ። እንዳትዋሽ ብላ ያላላችው ቃል ለእናቷ ከውሸቱ የባሰ ተስፋ ሆኖ ደረሳት። ጋሼ ይሻው ከእናቷ ጀርባ ሆነው «ተይ» በሚል ዓይን ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። «አዎ፣ ደወለ» ብትል እስከ ጎህ ያዘልቃታል። ነገር ግን ዘነበች ይህን ደስታ ይዛ በየጎረቤቱ ደጅ ስትዞር፣ መርዶውን የሚያውቁት ሁሉ ፊታቸውን ከሷ ሲያዞሩ ታያት። እናቷ የሰፈሩ መሳቂያ ባትሆንም የሚታዘንላት ልትሆን ነው፤ እሷ ብቻ ሳታውቅ።

«ሌላስ ምን አለ፣ ልጄ?» አለች ዘነበች እንደገና።

«ጋሼ ይሻው» አለች ምስጋና። «ወዲህ ይምጡ። በዚያ በኩል ደግፈው ይያዟት።»

ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ፈገግታው ገና ከፊቷ ያልጠፋው ዘነበች የልጇን አንገት የከበበውን ጥለት አየች።